ውዳሴ ኤክስፕረስ

ወሎ ፈጥናለች፤ ያልሰማ ይስማ። ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ታፔላ እያነበበ ያለፈ ሰው ሌላ ምስክር አይፈልግም። ልብስ አጣቢው ኤክስፕረስ ነው፤ ጉርድ ፎቶው ኢንስታንት ነው፤ ጸጉር አስተካካዩ ፍላሽ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሱፐር ስፒድ ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ራፒድ ይባላል፤ ለአረፋ ያዘዝነውን ጀለቢያ ለመውሊድ አድርሶልን መርቀነዋል።

አባቶቻችን ከጥድፊያ ጋር የነበራቸው ጠብ ይታወቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ያችን ሴትዮ እስከ ዛሬ ያሟታል። ምስኪኖች! ጥፋቷ መቸኮሏ ሳይሆን ቃል ማጣቷ እንደነበር አልገባቸውም። ኤክስፕረስ ብትሆን ኖሮ ምኑን ታፈሳለች? ከተቀመጠችበት አትነሳማ። የእንግሊዝኛው ቃል ትልቁ ውለታው ይሄ ነው፤ ድካሙን እሱ ይሸከምልናል። ታፔላው «ፈጣን ነኝ» ብሎ ከተናገረ ባለቤቱ ደግሞ ምን ብሎ ይድገመው?

ማመን ያቃተው መናኸሪያ ብቅ ይበል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንባሩ ላይ «ኤክስፕረስ» የተጻፈበት ሚኒባስ ግን ለዚህች ርቀት የሚሰጠው ክብር ልዩ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። አንዱ ሰው ይገባል። አሁንም አንድ ሰው ይቀራል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ውስጥ ያለነው ተነሳን ብለን ገሚሳችን ቢስሚላህ እንላለን፣ ገሚሳችን እናማትባለን፤ ቀና ስንል ያው ሱቅ፣ ያው ባለሱቅ በመስኮት ያየናል። የቃሉ ባለቤቶች ኤክስፕረስ የሚሉት በየጣቢያው ሳይቆም የሚያልፈውን ባቡር ነበር። የእኛስ መች ይቆማል? ለመቆም አስቀድሞ መሄድ ያስፈልጋል።

ከሄደ በኋላማ ሌላ ጉድ ነው። መናኸሪያ ውስጥ የጠፋበት እንግሊዝኛ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ያውም መጠምዘዣው ላይ፣ ባንድ ጊዜ ትዝ ይለዋል። ያን ጊዜ ተሳፋሪው በሙሉ በጥሩ አማርኛ «ኧረ ቀስ በል!» እያለ ይጮኻል። ለዘመናዊነት ያለን ንቀት እንዲህ ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ስንመጣ ጥበቡ ይረቅቃል። ዱሮ ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ይሉት ነበር። ነገ ግን መጥፎ ዐመል አለበት፤ ይነጋል። ስለዚህ ነገ ተሻረና ፕሮሰስ ተሾመ። «ፋስት ትራክ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት መስኮት ፊት ተሰልፈን ሳለ፣ ከኩታበር የመጡ አንድ አዛውንት ተራቸው ደረሰ።

«ልጄ፣ የዚያ የይዞታ ወረቀቴ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ፕሮሰስ ላይ ነው አባባ።»

«ፕሮሰስ? በየት በኩል ነው እሱ? መኪና ይገባል?»

«አብሽሩ አባባ፣ ይደርሳል።»

«የለም፣ በእግሬም ቢሆን ሄጄ ላምጣው ብዬ ነው።»

ልጁ አልሳቀባቸውም፤ ወሎዬ ነውና ትልቅ ሰው ያከብራል። ከማክበሩም የተነሳ ማመልከቻቸው ላይ «አርጀንት» የሚል ቀይ ማኅተም መታላቸውና ከአርጀንቶቹ ክምር አናት ላይ አኖረው። የክምሩን ግርጌ ለማንበብ የቁፋሮ ባለሙያ ያሻል። ዓመቱ ሲያልቅ ክምሩ «ክዊክ ዊን» በሚል ርዕስ ሪፖርት ይቀርብበታል፤ ይጨበጨባል።

እኔ በበኩሌ ሊቅነቱን የምሰግድለት «ፋስት ፉድ» ብሎ ታፔላ ያስጻፈውን ሰው ነው። ይህ ሰው እንግሊዝኛን የተማረው ከሥሩ ነው። ፋስት በጥንቱ እንግሊዝኛ ፈጣን ማለት አልነበረም፤ የጸና፣ የታሰረ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ማለት ነበር። ጾምን ፋስት ማለታቸውም ራስን አጽንቶ ከመያዝ፣ ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ፈጣን የሚለው ፍቺ ኋላ የተጨመረ ነው። ምግብ ቤቱ ሦስቱንም አሟልቷል፦ ስሙ ፈጣን ነው፣ አስተናጋጁ ከቆመበት አይነቃነቅም፣ በላተኛው ይጾማል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን፣ ሙስሊሙ ረመዳንን ጠብቆ ነው የሚጾመው። እዚህ ቤት ግን ቀን ሳንመርጥ፣ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረን እንጾማለን። ስለ ወሎ መቻቻል በየአዳራሹ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ምሳቸውን እዚህ ቢያዙ ንግግራቸው ይጠነክራል። ጊዜውም ይበቃቸዋል፤ እዚያው ይጽፉታል።

በስልክ የሚሸጡትም አይረሱ። «ሴም ዴይ ዴሊቨሪ» ይላሉ፤ በዚያው ቀን እናደርሳለን ነው። እውነታቸውን ነው፤ ሰኞ የታዘዘ ጫማ ሰኞ ይመጣል። የትኛው ሰኞ ብሎ መነታረክ የባላገር ነው። ለነገሩ ባቲ ገበያም የሚቆመው ሰኞ ነው፤ ያን ሁሉ ቆላ አቋርጦ የሚመጣ ግመል ሰኞውን ስቶ አያውቅም። ግን ግመል እንግሊዝኛ የት ያውቅና!

የሁሉ ቁንጮ ግን «ኦን ዘ ዌይ ነኝ» ናት። ስልኩ ውስጥ ሰውየው «ኦን ዘ ዌይ ነኝ» ይላችኋል፤ ከበስተኋላው ሲኒ ይንኳኳል፣ አንዲት ሴት «ቶናው ደርሷል፣ ቅረቡ» ትላለች። ውሸታም እንዳትሉት። «እየመጣሁ ነው» ብሎ ቢቀር ውሸታም ነበር፤ ሽማግሌ ልካችሁ ታስወቅሱት ነበር። እሱ ግን መንገድ ላይ ነኝ አለ እንጂ የትኛው መንገድ መች አለ? ከበረካው በኋላ ደግማችሁ ብትደውሉ «ናው ናው» ይላችኋል፤ ሁለት ጊዜ አሁን ማለት ነው። አንዱ አሁን ለእናንተ፣ ሌላው ለሱ። በዚህ አገር ሰው ቀጠሮ ሲይዝ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ «ኢንሻ አላህ» ይል ነበር፤ ከባድ ነገር ነው፣ ፈጣሪን መሀል አስገብቶ መቅረት ያስፈራል። ኦን ዘ ዌይ ማንንም መሀል አያስገባም። ያለ ዋስ የሚሰጥ ብድር እንዲህ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ከእንግሊዞቹ ወረስነው የሚል ካለ ታሪክ ያንብብ። ቋንቋው የእነሱ ሆኖ ሳለ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲመጡ ኤክስፕረስ አልመጡም። መድፋቸውን ያሸከሙት ከሕንድ በመርከብ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ ነበር፤ ከዙላ ባሕር ዳርቻ የጀመሩት ባቡር ሐዲድም ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ቆመ፤ የቀረውን በእግር፣ በበቅሎና በዝሆን ወራት ፈጅተው ወጡት። በዚህ ወገን ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን በገደል በሸለቆው እያስጠረጉ ግማሽ ዓመት ያህል ወስዶባቸዋል። አስቡት፣ ያ ሁሉ ሰው ገመድ እየጎተተ አንድ እንኳ «ሱፐር ስፒድ» ብሎ መድፉ ላይ የሚጽፍ ጠፋ! ቢጻፍበት እኮ ደብረ ታቦር እንደተቀመጠ መቅደላ ደርሷል ይባል ነበር። ሁለቱም ወገን የደረሱት ቃሉን ስላላወቁበት ነው።

አሁን ሥጋት የሆነብኝ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ባለጋሪ ነው። ጋሪው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ሲሚንቶ ልታስጭኑ «መቼ ታደርስልኛለህ?» ስትሉት «አሁን» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ያደርሳልም። አራግፎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሌላ ሊጭን ይመለሳል፤ ፊት ለፊቱ ያለው «ራፒድ ካርጎ» ገና በሩን እየከፈተ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለከተማ ገጽታ ጥሩ አይደለም፤ የሰው ስም ያስጠፋል። ጨካኝ ሆነን ሥራ እናስፈታው አላልኩም። ቀለምና ብሩሽ እናዋጣና በጋሪው ጎን «ሱፐር ኤክስፕረስ ዴሊቨሪ» ብለን እንጻፍለት። እሱም ይረፍ፣ ፈረሱም ይረፍ።