ልቦለዱ ይቅደም ወይስ ታሪኩ? «1984»ን ለድሬዳዋ ልጆች ስለማስነበብ የተደረገ ክርክር

ድሬዳዋ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሳተፉበት አንድ የንባብ ክበብ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆርጅ ኦርዌልን «1984»፣ ሕዝቡን ሌት ተቀን ስለሚሰልል አምባገነን ፓርቲ የሚተርከውን ልቦለድ፣ አንብቦ ሲጨርስ፣ አንዱ ልጅ «ሶሻሊዝምን ለመቅበር የተጻፈ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ይህ የደርግ ታሪክ ነው» አለች። መጽሐፉ የተሰጣቸው ያለ አንዳች መግቢያ ነበር። ይህ ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ክበቡን የምትመራው የሐረር የሥነ ጽሑፍ መምህርትና በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ነዋሪ የሆኑ ጡረተኛ የታሪክ መምህር በጽሑፍ ተከራክረዋል። የአገራችን ክንውኖች በእኛ፣ የውጭዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የታሪክ መምህሩ

እህቴ፣ በልጆቹ አልፈርድም፤ የምወቅሰው አንቺን ነው። ሶሻሊዝምን ሊቀብር ጻፈ የተባለው ሰው ራሱ ሶሻሊስት ነበር። በ1936 መጨረሻ በእርስ በርስ ጦርነቱ ስፔን ሄዶ በሪፐብሊኩ ላይ ያመፀውን የጄኔራል ፍራንኮን ጦር ተዋግቷል፤ በግንቦት 1937 ጉሮሮውን በጥይት ተመትቷል። ከሆስፒታል ሲወጣ የጠበቀው ሌላ ጉድ ነው። የተሰለፈበት ፖውም የተባለ ፓርቲ በስታሊን ወገኖች «የፋሺስት ተባባሪ» ተብሎ ታግዷል፤ ጓዶቹ እየታደኑ ይታሰራሉ። እርሱና ባለቤቱ አምልጠው ወጡ። ምሽግ ውስጥ አብረውት የከረሙ ሰዎች በጋዜጣ ከሃዲ ተብለው ሲጻፍባቸው በዓይኑ አይቷል። በልቦለዱ ውስጥ ያለፈውን እየፋቀ እንደገና የሚጽፈውን የእውነት ሚኒስቴር ይህን ሳያውቁ ማንበብ ግማሹን ማንበብ ነው። በ1946 ባወጣው ጽሑፍም ከ1936 ወዲህ የጻፈው ቁም ነገር ሁሉ አምባገነንነትን የሚቃወም፣ ለዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም የቆመ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል።

ታሪኩን የሚናገር ሲጠፋ ሌላ ተናጋሪ ይመጣል። እንስሳት ገበሬውን አባርረው በአሳማዎች አገዛዝ ሥር ስለመውደቃቸው የሚተርከው የኦርዌል ልቦለድ «የእንስሳት እርሻ» በ1954 የካርቱን ፊልም ሲሆን ገንዘቡ በስውር የመጣው ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ እንስሳቱ በመስኮት እያዩ ገዢውን አሳማ ከሰው ገበሬ መለየት ያቅታቸዋል። በፊልሙ ግን በአሳማዎቹ ላይ ይነሣሉ። አሳማውም የድሮው ጌታም አንድ ናቸው የሚለው የኦርዌል ፍርድ ተቆርጦ ወጣ። ተማሪሽ «ለመቅበር ተጻፈ» ያለው ይህንን የተቆረጠውን ኦርዌል ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ

ጋሼ፣ ካነሡት እውነት አንዱንም አልክድም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። ፖላንዳዊው ደራሲ ቼስዋፍ ሚዎሽ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ኦርዌልን በድብቅ ያነበቡ ሰዎች ሩሲያ ኖሮ የማያውቅ ሰው የዚያን አገር ኑሮ እንዴት እንዲህ አወቀው ብለው ይደነቁ እንደነበር ጽፏል። በ1947 «የእንስሳት እርሻ» በዩክሬንኛ ታትሞ ጀርመን ውስጥ በስደተኛ ካምፖች ሲታደል፣ ያ አንባቢ መጽሐፉን የፈታው በራሱ ቁስል ነው። የስፔንን ጦርነት ማን አስተማረው?

ወደ እኛ ልምጣ። በልቦለዱ ውስጥ በጥላቻ ሳምንት አንድ ተናጋሪ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጠላትን ሲረግም፣ በንግግሩ መካከል ጠላቱ ይቀየራል፤ ትናንት ወዳጅ የነበረው አሁን ጠላት ነው፤ ሕዝቡም አርማውን ቀድዶ ርግማኑን ይቀጥላል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህን ማጋነን ነው ሊል ይችላል። የድሬዳዋ ልጅ ግን ይህን ገጽ ይዛ አያቷ ዘንድ መሄድ ትችላለች። ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ለዓመታት ስታስታጥቅ ኖራ በ1969 ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። በአሜሪካ መሣሪያ የሠለጠነው ሠራዊታችን በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ተቆራረጠ። ሶማሊያ ደግሞ በኅዳር 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች። ሁለቱም መንግሥታት ራሳቸውን ሶሻሊስት ይሉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ከተማ የደበደበው በአንድ አገር መድፍ ነው። ይህን የኖረች ከተማ ኦርዌልን ለመረዳት የእርስዎን መግቢያ መጠበቅ አለባት?

ተማሪዋ «የደርግ ታሪክ ነው» ስትል ያለችው ይህንን ነው። እኔ ይህንን እንደ ስሕተት አልቆጥረውም፤ ንባብ ማለት ይህ ነው።

የታሪክ መምህሩ

የዩክሬኑን እትም በማንሣትሽ ደስ ብሎኛል፤ የሚመሰክረው ለእኔ ነውና። ለዚያ እትም ኦርዌል ራሱ መቅድም ጽፏል፤ ሕንድ መወለዱን፣ ስፔን ያየውን፣ ሶሻሊስት መሆኑን ለስደተኞቹ አንድ በአንድ ነግሯቸዋል። ስታሊንን በቆዳቸው ለሚያውቁ ሰዎች ይህ ካስፈለገ፣ ለዛሬ ልጆች እንዴት አያስፈልግም?

ስለ ጦርነቱ ያልሽው ግን እጅግ ያሳስበኛል። በ«1984» ጦርነቱ የማያልቀው ገዢዎቹ እንዲያልቅ ስለማይፈልጉ ነው፤ ሕዝብን በድህነትና በፍርሃት ይዞ ማቆያ ነው። በነሐሴ 1969 ድሬዳዋ ደጃፍ የደረሰው የሶማሊያ ታንክ ግን የማንም ፈጠራ አልነበረም። የባቡሩ መስመር ተቆርጦ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ወደቀች፤ ሐረር ተከበበች፤ በጅጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ የተመለሰው በየካቲት ነው። ከተማቸውን ለማዳን የሞቱ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚህ ይኖራሉ። ልቦለዱን በደርግ ዘመን ላይ እንዳለ የምትገለብጥ ተማሪ፣ ያ ሁሉ ሰው በመንግሥት ተረት ተታልሎ የሞተ ይመስላታል። ይህ በሙታን ላይ የሚደረግ ግፍ ነው!

የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ

ጦርነቱ እውነተኛ ነበር፤ ይህን በክበባችን ማንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮቱ ጠላቶች ላይ ቀይ ሽብርን ሲያውጁ አብዮት አደባባይ ላይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን የሰበሩት በሚያዝያ 1969 ነው፤ የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሐምሌ ከመዝመቱ በፊት። ያን ጊዜ የታጠቀው ቀበሌ የሚያድነው የገዛ ወገኑን ወጣት ነበር። ወረራው ሲመጣ ሽብሩ ከወረራው ጥላ ሥር ገባ፤ «አናርኪስት» የተባለው ተማሪና «ወራሪ» የተባለው ጦር በአንድ መፈክር ተወገዙ። እውነተኛ ጠላት ያለው መንግሥትም ጠላት ይፈጥራል። ኦርዌል ይህን አልጻፈም፤ የእኛ ልጆች ግን የእርሱን መጽሐፍ ከአያቶቻቸው ትዝታ ጋር ሲያስተያዩ ደረሱበት። አስቀድሜ ስለ ስፔን ሰብኬያቸው ቢሆን ኖሮ ማስታወሻ ይይዙ ነበር እንጂ አያቶቻቸውን አይጠይቁም ነበር።

ደግሞ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያስታውሱ። መጽሐፉ በ1975 ሲወጣ ማን መግቢያ ጻፈለት? አንባቢውም ባለሥልጣኑም ወዲያው ገባቸው። ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 የገባበት ጠፋ። ኦርዌልም ለ«የእንስሳት እርሻ» የመጀመሪያ እትም ያዘጋጀው መግቢያ በ1945 ሳይታተም ቀርቶ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው፤ የታተመውም በ1972። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎቹ ያለ መግቢያ አንብበው ተረድተውታል።

የታሪክ መምህሩ

የ1945 የለንደን አንባቢ የስታሊንን ስም በየማለዳው ጋዜጣ ላይ ያገኝ ነበር። የ1975 የአዲስ አበባ አንባቢም ልቦለዱ የሚተርከውን፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከሬዲዮ ሰምቶ ነው «ኦሮማይ»ን የገለጠው። መግቢያው በየቤታቸው ነበር። የአንቺ ተማሪ አያት ያላት ናት፤ አያት የሌለው ልጅስ? ወላጆቹ ስለዚያ ዘመን አፋቸውን የማይከፍቱለትስ? ዝም የሚሉ ቤቶች በዚህ ከተማ ስንት እንደሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ የምታነብቡት የሩሲያዊውን ደራሲ የየቭጌኒ ዛምያቲንን «እኛ» የተባለ ልቦለድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው በ1905 አብዮት ቦልሼቪክ ሆኖ በዛር መንግሥት የታሰረ መሐንዲስ ነው። በ1916 ወደ እንግሊዝ ተልኮ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ሥራ ተቆጣጥሯል። በልቦለዱ ውስጥ ሰው ሁሉ በቁጥር ሲጠራና በደወል ሲበላ፣ የሚመለከው አሜሪካዊው የፋብሪካ ሰዓት ቀማሪ ቴይለር ነው። መጽሐፉ በ1924 በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በገዛ አገሩ የወጣው በ1988 ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ «ኮሚኒዝምን ተቃውሞ» ብሎ ይዘጋዋል፤ በፋብሪካ ከተማ ተወልዶ የፋብሪካውን ፊሽካ መጽሐፉ ውስጥ ሳይሰማው ያልፋል።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመገለጡ በፊት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ የአንቺና የልጆቹ ነው።