አዋሽ የሚታመመው አቃቂ ላይ ነው

ወንዝ ሲነሳ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ዓባይ ነው። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወንጂ ስኳር፣ በ1952 የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ የመተሐራ አገዳ፣ የአዳማ የመጠጥ ውሃ ሳይቀር የእሱ ነው።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ነበር። ዳርቻው ማማሩ እሰየው ነው፤ ውሃው ግን በአበባ አይጠራም።

ጥርና የካቲት ላይ አቃቂ ዳር የተተከለ የውሃ ሞተር የሚስበው በአብዛኛው ፍሳሽ ነው፤ የሚያቀጥነው ዝናብ የለም። ሰላጣውና ቆስጣው በዚያው ይጠጣል፤ ገበያ ከመውጣቱ በፊትም አንዳንዴ በዚያው ይታጠባል። ገበሬው ሌላ ውሃ ስለሌለው «ተው» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። የወስፋት እንቁላል ከውሃ ስለሚከብድ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ኩሬ ገብቶ ሁለት ቀን ያህል ይረፍ። የቱቦው አፍ ባዶ ጀሪካን ላይ ይታሰር፣ ከውሃው ፊት አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ይበል። መሬት ከነካ ጭቃውን ከነእንቁላሉ ይስበውና ኩሬ የተቆፈረው በከንቱ ይሆናል። ውሃው በቦይ ይሂድ እንጂ ቅጠል ላይ አይረጭ፤ ከመሰብሰቡ ጥቂት ቀናት ቀድሞም መስኖው ይቁም፤ ፀሐይ ብዙውን ባክቴሪያ ትገድላለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥሬ ለሚበላ አትክልት ያስቀመጠው ልክ በሊትር የመስኖ ውሃ ከአንድ የትል እንቁላል ያልበለጠ ነበር።

ይህ ሁሉ ለጀርም ነው። ክሮም፣ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉት ከባድ ብረቶች ግን በኩሬም በኮምጣጤም ሙሉ በሙሉ አይለቁም፤ ሥር ከሳባቸው ቅጠል ውስጥም ሊገቡ ይችላሉ። እነሱ የሚያዙት ከምንጫቸው ነው። ቆዳ ፋብሪካ የክሮም ፍሳሹን ከሌላው ሳይቀላቅል ለብቻው ይያዝ፤ በኖራ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8 ከፍ ሲል ክሮሙ ይረጋና ይዘቅጣል። ከሌላው ፍሳሽ ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ግን የሚጣራው ብዛት ይጨምራል፣ ወጪውም አብሮ።

ተቆጣጣሪውም ቢሮ ገብቶ ወረቀት ከሚያይ፣ ፍሳሽ ለመልቀቅ በሚመች ሰዓት፣ ማታ ዝናብ ሲጥል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ቢቆም ይሻላል። ናሙና ሲወስድም ከደለሉ ይጨምር፤ የዛሬው ውሃ ነገ አባ ሳሙኤል ደርሷል፣ ክሮሙ ግን አብዛኛው ደለሉ ላይ ተቀምጧል።