ዋርሳዬ፣ ፎይሌና ቀይ ባሕር

ፎይል አልቋል። ማለቁን ያወቅኩት የማኅበሩ ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ሲቆም ነው። እኔ ጭልፋ ይዤ መሳቢያውን እበረብራለሁ። የቀረው ባዶው የካርቶን ጥቅል ብቻ ነው።

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ይህ ምን ዓይነት ውርደት እንደሆነ ይገባዋል። እዚህ አገር ድግስ የሚያበቃው ሲበላ አይደለም፣ ሲጠቀለል ነው። እንግዳው «በቃ ልሂድ» ካለ በኋላ ገና አንድ ሰዓት አለ።

«አይ አልወስድም፣ ቤት ሞልቷል።»

«ምን ሞልቷል? ሥራ ውለሽ ነው የምትገቢው፣ ያዢ!»

«እሺ፣ በጣም ትንሽ።»

በጣም ትንሽ ማለት ሁለት እጅ የማይችለው ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሄደው በፎይል ነው። ዕቃ ሰጥቶ የሚሸኝማ ዕቃውን ተሰናብቶ ነው። ስሟን የማልጠራት አንዲት ሴት፣ ሰማያዊ ክዳን ያለውን የመስታወት ዕቃዬን ቀይ ሥር ሞልቼላት ወሰደች። ከዚያ ወዲህ አግብታለች፣ ወልዳለች፣ ቤት ገዝታለች። ዕቃዬ አልተመለሰም። ለቤቱ ምርቃት ጠርታኝ ሄድኩ። ሰላጣው በኔ ዕቃ ቀረበ። «ደስ ሲል! ከየት ገዛሽው?» አልኳት። «ስጦታ ነው» አለችኝ። ክዳኑን ስፈልግ ነው ያመሸሁት።

ወደ ፎይሉ ልመለስ። ፎይሉ ዓሣ ላይ ነው ያለው። ዓሣ ጠብሼበት ቢሆን ምን ነበረበት።

ዋርሳዬ ምድር ቤታችን ውስጥ ነው የሚኖረው። ለጊዜው። ለጊዜው ብሎ ሲመጣ ልጄ ገና አፏን አልፈታችም ነበር፣ አሁን መኪና ትነዳለች። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ከሶፋው የሚበልጥ የዓሣ ገንዳ አለው። የሐይቅ ዓሣ እንዳይመስላችሁ። የባሕር ነው፣ ያውም ኮራል ያለበት። ውሃው በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው እየተለካ ይበጠበጥለታል። ጨዉ በባልዲ ይመጣል፣ ባልዲው ላይ በትልቁ «ቀይ ባሕር» የሚል የድርጅት ስም ተጽፎበታል። አገር ሙሉ ስለ ባሕር በር ሲከራከር፣ የኛው ሰው ቀይ ባሕርን በክሬዲት ካርድ ገዝቶ፣ በደረጃ አውርዶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን አስቀምጦታል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግባቸውን ይሠሩና ትርፉን ለአከራያቸው ይሰጣሉ። ይህን ሲያስረዳኝ ገረመኝ። በነጻ ተጠግቶ የማይኖር፣ ኪራዩን በየቀኑ የሚከፍል ተከራይ መኖሩን ከዋርሳዬ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ታዲያ ኮራሉ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። ብርሃን ሲያንሰው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይመነምናል። የዋርሳዬ መብራት ስምንት ዘንግ ፍሎረሰንት ነው። ቲ ፋይቭ ይሉታል፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ 54 ዋት። ችግሩ ዘንጉ ወደ ታች ብቻ አያበራም፣ ዙሪያውን ነው የሚያበራው። ግማሹ ወደ ላይ ይሄዳል።

«እትዬ፣ ለኮርኒስ ብርሃን እየከፈልን እኮ ነው!» አለኝ።

«እየከፈልን» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

ለዚህ መላው አንጸባራቂ ነው። ተወልውሎና ታጥፎ የተሠራ አልሙኒየም ለየዘንጉ አናት ይገጠማል፣ ወደ ላይ የሚሄደውን ብርሃን ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ተሠርቶ ይሸጣል። ዋርሳዬ ዋጋውን አየና «ይሄንንማ ራሴ እሠራዋለሁ» አለ። ባሌ ደግሞ «በትክክል!» አለ። የኔ ፎይል የሞት ፍርድ የተፈረደበት ያኔ ነው።

«ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል ወንድ ቤት ውስጥ ካለ መጀመሪያ የሚገዛው መሣሪያ ነው። ጣሪያ ላይ የሚገጠመው አሸንዳ ተገዛ፣ የዘንጎቹ አልጋ እንዲሆን። አሸንዳውን ለመቁረጥ መቀስ ተገዛ። መቀሱ ስላልቆረጠ መጋዝ ተገዛ። ከዚያ አሸንዳው ቅርጹ ልክ እንዳልሆነ ተደረሰበት። ግማሽ ክብ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ዘንጉን ራሱን ይመታና እዚያው ይቀራል። መሐሉ ወደ ዘንጉ ሾጠጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ ያኔ ብርሃኑ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያመልጣል። ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም። እራት ላይ የሚወራው ይኸው ነበር።

አሸንዳው ተጣለ። ካርቶን መጣ፣ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው ፎይሌ መጣ። አንድ ምሽት ሙሉ ወንድማማቾቹ የተከራከሩት የትኛው ፊት ወደ ውጭ ይሁን በሚል ነው፤ የሚያብረቀርቀው ወይስ ፈዛዛው? ፋብሪካው ፎይሉን መጨረሻ ላይ ሲዳምጠው ሁለቱን ንጣፍ ደርቦ ነው። የመዳመጫውን ብረት የነካው ፊት ያብረቀርቃል፣ እርስ በርሱ የተነካካው ይፈዛል። ልዩነቱ ለዶሮም ለኮራልም ይህን ያህል አይደለም። የሚጎዳው መጨማደዱ ነው፣ የተጨማደደ ፎይል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ከእሱስ ለጥ ያለ ጣውላ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ይሻላል። ነጭ ቀለም ጋራዡ ውስጥ ነበረን። ግን ነጭ ቀለም ለጉብኝት አይሆንም።

ጉብኝቱን አልነገርኳችሁም። ወንድ እንግዳ ሲመጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ ምድር ቤት ይወሰዳል። ከታች «ኧረ! ይሄን ራስህ ነው የሠራኸው?» ሲባል እስከ ላይ ይሰማል። «አንተ እኮ ያለቦታህ ነው ያለኸው!» ይባላል። ሴቶቹ ሲወርዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው። «ይበላል?» አይበላም። «ታዲያ?» የማኅበራችን ታላቅ፣ አንዲት እናት፣ ቢጫውን ዓሣ በመነጽራቸው ትክ ብለው አይተው «በጾም ቢሆንስ?» አሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት አብሮን አትላንቲክን ከተሻገረ ቆይቷል። እዚያው ገንዳው ፊት ለፊት ሲጦፍ አመሸ። ዓሣው ብቻ ነው ዝም ያለው።

እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ያ «ራስህ ነው የሠራኸው» የሚሉት ነገር ነው። እዚህ አገር ምጣድ ባጣን ጊዜ፣ የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሴ የሚባለውን የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገበያ ላይ አድነን፣ የጤፍ እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ ያደረግንበት እኛ ነን። በበረዶ ወራት ሊጡ ኩፍ አልል ሲል፣ ኦቨኑን ሳንለኩስ መብራቱን ብቻ አብርተን ውስጡ የምናሳድረው እኛ ነን። ስለ መብራት እኔም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ ማለት ነው። እስከ ዛሬ አንድም ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ሊጤን ሊያይልኝ አልሮጠም። «ኧረ ራስሽ ነው የጋገርሽው?» ያለኝም የለም። ካልጋገርኩ ግን «ምነው ዛሬ የገበያ እንጀራ?» የሚለኝ አላጣም፣ ያውም እየጎረሰ። የሱ ተሰጥኦ ነው። የኔ ግዴታ።

ይባስ ብሎ «እትዬ፣ ይሄ ምጣድሽ መብራት ይበላል» አለኝ አንድ ቀን። ወረቀት አወጣሁ። ስምንት ዘንግ በ54 ዋት፣ 432 ዋት። በቀን አሥር ሰዓት ይበራል፣ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። ይህ በየቀኑ ነው፣ ማሞቂያውና ፓምፑ ሳይቆጠር። የኔ መጋገሪያ 1,400 ዋት ነው። በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ተኩል ብጋግርበት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ የሱ ዓሣ እስከ ምሳ ድረስ የሚጨርሰው። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። አሁን የለም። ምናልባት እሱም አንጸባራቂ ሆኖ ይሆናል።

ምጣዴና የሱ መብራት የተገናኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔም የምጋግረው ምድር ቤት ነው፣ ላይ ስጋግር የጭስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ጎረቤት ስለሚያስደነግጥ። የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚችለው 15 አምፔር ነው። ምጣዴ ብቻውን ወደ 12 ይስባል። እኔ አስፍቼ፣ ዓይኑ ገና ብቅ ብቅ ሲል፣ ዋርሳዬ አዲሱን አንጸባራቂ ሊሞክር ስምንቱንም ዘንግ አንዴ ለኮሰው። ድርግም።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ስንት ሊጥ በዚህ ዓይነት ቀርቶብኛል! መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» ይላል፣ ሲመጣ ልጆች ይጮኻሉ። በመሐል ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ከታች በስሎ ከላይ ጥሬ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እዚያ ቢያንስ መብራቱን የሚያጠፋብኝ የማላውቀው ሰው ነበር። እዚህ ቁርስ የማበላው ሰው ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ወዴት የሮጠ ይመስላችኋል? ወደ ዓሣው። «ፓምፑ ቆመ! ኦክስጅን!» እያለ። እንጀራዬን ዞር ብሎ ያየው የለም።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አልኩት ያን ቀን። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ለሁሉ ነገር ይሆናል። የባል ስልክ ለምትበረብር ይሆናል፣ የጎረቤት ወሬ ለሚያነፈንፍ ይሆናል። ለዓሣ ገንዳ ግን የሚሆን አልመሰለኝም ነበር፣ ዋርሳዬ ራሱ እስኪያረጋግጥልኝ። ሌሊት ሌሊት በቀይ ባትሪ ድንጋዮቹን ሲመረምር አይቼው «ምን ጠፋብህ?» ስለው ነው የነገረኝ። ከባሕር የሚመጣው ድንጋይ ቀዳዳ ለቀዳዳ ነው። በየቀዳዳው ማን እንደገባ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ አገር ኒውኪ ከተማ ያለ አንድ አኳሪየም ዓሣው እየቆሰለ፣ ኮራሉ እየተቆረጠ ተቸገረ። ወጥመድ ቢያጠምዱም ጥፋተኛው አልተያዘም። መጨረሻ ላይ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያነሡ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ የሚሆን ባለ መንጋጋ ትል አገኙ። ስም ሁሉ አወጡለት፣ ባሪ ብለው። ዓሣ ጎርጉረው ዘንዶ አወጡ! አባቶቻችን ኒውኪን ሳያዩ ነው ይህን ያሉት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሊጤን ለማየት ምድር ቤት ስወርድ እግሬን ከፍ እያደረግሁ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አንጸባራቂው። ፎይሉ ብዙ አልቆየም። ከገንዳው የሚፈናጠረው ጨው ፎይሉ ላይ እየደረቀ ነጭ ቅርፊት ሠራበት፣ ከሥሩ በላው። ካርቶኑ በእንፋሎት ለሰለሰና አንዱ ጫፉ ወደ ውሃው ተንጠለጠለ። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ጨው ውሃም ያስተላልፋል፣ ከላይ ስምንት የመብራት ዘንግ አለ። ባሌ ያኔ ነው ትንሽ የደነገጠው። እኔማ ዓሣው ተጠብሶ ጥያቄው በዚያው ይዘጋል ብዬ ነበር።

በመጨረሻ የተወለወለ የአልሙኒየም ሉህ ገዝቶ፣ በጣውላ ፎርማ አጥፎ ሠራው። እውነቱን ልናገር፣ ይሠራል። ውሃው ፈክቷል፣ ወለሉ ላይ ብርሃኑ ሲወዛወዝ ያምራል። ዋጋው ግን ከመጋዙ፣ ከመቀሱና ከአሸንዳው ጋር ሲደመር ተሠርቶ የሚሸጠውን አልፎታል፣ የኔ ፎይል ሳይታሰብ። ዘንጉ ራሱም ጡረታ እየወጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኦገስት 2023 ጀምሮ፣ ሜርኩሪ ስላለበት፣ እንዲህ ያለውን ዘንግ እንደ አዲስ ገበያ እንዳይገባ አግዷል። ሰዉ ወደ ኤልኢዲ ዞሯል። ኤልኢዲ ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ወገን ነው የሚያበራው፣ ጀርባውን ለኮርኒስ ይሰጣል። ይህን ብነግረው «ኤልኢዲ ውድ ነው» አለኝ።

እና ኤልኢዲ አልገዛም። ከአንድ ሰው ላይ ሜታል ሃላይድ የሚባል ኃይለኛ አሮጌ የ250 ዋት አምፖል በርካሽ አገኘ። አንድ አምፖል ነው፣ እንደ ዘንጎቹ ረጅም አንጸባራቂ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰፊ፣ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ትናንት ምጣዴ አጠገብ ቆሞ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የላከችልኝን አክንባሎ ገልብጦ ሲያየው ደረስኩበት።

«እትዬ፣ ይቺ አልሙኒየም ናት አይደል?»

ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። አሁን መኝታ ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሐበሻ ቀሚሶቼ ሥር ተቆልፎበታል። ማታ ባሌ አጠገቤ ጋደም አለና ቁልፉን ጠየቀኝ።

«ለምን?»

«ዲያሜትሩን ብቻ እንለካት ብለን ነው።»