ሜዳሊያውን እናውቃለን፤ ሰውየውንስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምላችሁ ነገር ላይጥማችሁ ይችላል። እኔንም ሲቆጠቁጠኝ ነው የከረመው።

እስቲ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ስለ አበበ ቢቂላ ጠይቁት። «በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ አሸነፈ» ይላችኋል። ከዚያስ? አንዳንዱ ቶኪዮን ይጨምራል። በቃ። ሰውየው 41 ዓመት ኖሯል። እኛ የያዝንለት የሮሙን ማራቶን ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው።

ያንንም ቢሆን በደንብ አልያዝነውም። ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው! በየዓመቱ በዋዜማው ችቦ ስናበራ ስንቶቻችን እሱን እናነሳለን? ደግሞ በዚያ ምሽት ብቻውን አልነበረም። አበበ ዋቅጅራ የሚባል የአገሩ ልጅ አብሮት ሮጦ ሰባተኛ ወጥቷል። ይህን ስም ዛሬ ገና የሰማችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

አበበ ልጅ እያለ ከብት ይጠብቅ ነበር፤ ገናም ይጫወት ነበር። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩ እምቢ አለው። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ያመጣው የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ከሁሉ በላይ የዘነጋነው። በመጋቢት 1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ ሄደ። እዚያም አርፎ አልተቀመጠም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት አነሳ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተወዳደረ። እንዲያ ያለ ሯጭ፣ እግሩ ከከዳው በኋላም ውድድር ናፈቀው። እኔ ለልጆቼ መንገር የምፈልገው ይህንን አበበን ነው። በጥቅምት 1966 አረፈ።

ለዚህ ሁሉ ዝነኛ ሰው እንዲህ ከሆንን፣ ለገዛ ቤታችን ሰውማ እንዴት እንሆን?

እንዴት እንደምንሆን ልንገራችሁ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የወጣትነት ፎቶውን አስቀመጥን። አራት ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ይለኛል። አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ፎቶውን አዩና ቆሙ። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ አንድ በአንድ ስም ጠሩልኝ። የመጨረሻው ጎረምሳ ላይ ሲደርሱ «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አባትህ ማንዶሊን ሲጫወት ሰምተኸው ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

አልሰማሁም። ቤታችን ማንዶሊን አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን «ድሮ ምን ትወድ ነበር?» ብዬው አላውቅም።

ቀብሩ ላይ ያነበብነው የሕይወት ታሪክም ያው ነው። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ስንት ልጅ አፈራ። የሥራ ማመልከቻ እንጂ የሰው ሕይወት አይመስልም። ምን ያስቀው እንደነበር፣ ከማን ጋር ያመሽ እንደነበር፣ ከማን ተጣልቶ ማን እንዳስታረቀው አንድ መስመር የለም። የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም እያልን እንተርታለን። ከዚያ ደግሞ ያንኑ እናደርጋለን። ቲሸርት ላይ ፎቶውን ለማሳተም፣ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ለመጻፍ ማን ይቀድመናል? ያ ሰው በሕይወት ሳለ ግን ደጁ ላይ ብቻውን ፀሐይ ሲሞቅ እያየን በአንገት ሰላምታ አልፈነዋል። ኧረ ተዉ! የሚወዱት ሰው እንዲህ አይያዝም።

ያረፉባችሁን ሰዎች የቀሩ ጓደኞች ፈልጉ። ፎቶው ጀርባ ላይ ስሞቹን ጻፉ። ጊዜ የለኝም አትበሉኝ፤ ለለቅሶው ሦስት ቀን ሥራ ትቀሩ የለም?

እኔ ቅዳሜ እኚያ አዛውንት ዘንድ እሄዳለሁ። ፎቶውንና እስክሪብቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እናንተስ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ?