ጥፋቱን ሕመምተኛው ላይ ከመጣላችሁ በፊት ቱቦውን እዩ

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሬዲዮ ውይይት ሰማሁ። እንግዳው አንድ የጤና ባለሥልጣን ነበሩ። ጀርሞች መድኃኒት የመላመዳቸው ነገር ለምን እየባሰ መጣ ተብለው ተጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነው። ሕዝባችን መድኃኒት ጀምሮ አይጨርስም፣ ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል፣ አንቲባዮቲክ መሥራት ያቆመው ለዚህ ነው አሉ። ጠያቂዋ አመስግናቸው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። እኔ ግን ከታክሲው ወርጄ ቤቴ እስክገባ ንዴቱ አልለቀቀኝም።

እስቲ ልጠይቅ። ተወልዶ ሦስት ቀን የሆነው ጨቅላ የትኛውን መድኃኒት ጀምሮ አቋረጠ?

ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮች የጨቅላ ሕፃናትን የደም ኢንፌክሽን ያጠኑ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። በብዛት ከተገኙት ጀርሞች አንዱ ክሌብሴላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ለጨቅላ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ብዙዎቹን ጀርሞች አልበገሯቸውም። እነዚህ ልጆች ጡት እንኳ በወጉ አልያዙም። ክኒን ምን እንደሆነ አያውቁም። ጀርሙ መድኃኒቱን አስቀድሞ ተላምዶ ነው የጠበቃቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃቸውም እዚያው ሕክምና ክፍሉ ውስጥ፣ እጅ ላይ፣ ቱቦ ላይ፣ ቧንቧ ላይ ነው። ይህን እያወቁ እናትየዋን ተጠያቂ ማድረግ በደል ነው።

ደግሞስ "ጀምሮ አለመጨረስ" የሚባለው ክስ መሠረቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ የኢንፌክሽን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በታወቀ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ጉዳይ መርምረው ጽፈዋል። መድኃኒትን ቀድሞ ማቆም ጀርሞችን ያላምዳል የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም አሉ። እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ መውሰድ ነው ይበልጥ የሚያላምደው። ቲቢ የተለየ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት መቋረጥ የለበትም። ሐኪም ያዘዘላችሁን በገዛ እጃችሁ አቁሙ እያልኩም አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ግን የአገር ችግር በእንዲህ ዓይነት ቀጭን ክር ላይ ሲያንጠለጥል ዝም ማለት አልችልም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። አህያው ሆስፒታል ውስጥ ነው ያለው።

ባክቴሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ደም ውስጥ ለብቻው የሚንሳፈፍ ነገር ነው። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚደላው ግን አንድ ነገር ላይ ሲለጠፍ ነው። ይለጠፋል፣ ይባዛል፣ ከዚያ ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ዝልግልግ ነገር አውጥቶ ራሱን ይሸፍናል። ባዮፊልም የሚሉት ይህን ነው። ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ ሮቶ ውስጥ እጃችሁን ብትከቱ ግድግዳው ያዳልጣል። የቆየ ጀሪካን በውሃ ብታለቀልቁት አይለቅም፤ ጠጠር ጨምራችሁ ካልናጣችሁት ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ስትነሱ ምላሳችሁ ጥርሳችሁ ላይ የሚያገኘውም እሱኑ ነው። እናቶቻችን መፋቂያ የሚይዙት ወደው አይደለም። በመጉመጥመጥ እንደማይለቅ ስለሚያውቁ ነው።

ያው ነገር የሽንት ቱቦ ውስጥ ይበቅላል። የደም ሥር ላይ በሚገባ ቱቦ ላይ ይበቅላል። ለተሰበረ እግር በሚታሰር ብረት ላይ፣ በማይድን ቁስል ላይ፣ በመተንፈሻ ማሽን ቱቦ ላይ ይበቅላል። እዚያ ሽፋን ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ለብቻው ከሚንሳፈፈው መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ የሚበልጥ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። መድኃኒቱ ሽፋኑን አልፎ ቢገባ እንኳ ሥራ ያጣል። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን የሚገድሉት ባክቴሪያው ግድግዳውን ሲሠራ ጠብቀው ነው። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ምግብና ኦክስጅን ያጥራል። ስለዚህ ብዙዎቹ መባዛት አቁመው ያንቀላፋሉ። ግድግዳ የማይሠራውን ባክቴሪያ መድኃኒቱ ምኑን ይመታዋል?

እ.ኤ.አ. በ1944 ጆሴፍ ቢገር የተባለ የአየርላንድ ሐኪም ይህን አይቶታል። ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ላይ ፔኒሲሊን ሲጨምር ሁልጊዜ ጥቂቶች ይተርፋሉ። የተረፉት መድኃኒቱን የተላመዱ አልነበሩም። ከእነሱ የተባዙት በዚያው ፔኒሲሊን ይሞታሉ። ተኝተው ስለነበር ብቻ ነው ያለፋቸው። ይህ ከታወቀ 80 ዓመት አለፈ። እኛ ዘንድ አሁንም መርፌ አልሠራም ሲባል የሚታዘዘው ሌላ መርፌ ነው።

አባቴን ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት ከለከለው። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ተደረገለት፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ ከነቱቦው ወደ ቤት ሂዱ ተባልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሴፍትሪያክሶን ታዘዘ። ጠዋትና ማታ ወደ ጤና ጣቢያ እያመላለስኩ ያስወጋሁት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላቋረጥንም። ትኩሳቱ ወረደ። መርፌው ባለቀ በስድስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ድጋሚ ሴፍትሪያክሶን። ድጋሚ ወረደ፣ ድጋሚ መጣ። በሦስተኛው ከውጭ ግዙ የተባልነውን ውድ መድኃኒት በብድር ገዛን። የመጨረሻው ላይ አባባ ሰው መለየት አቅቶት ነበር።

አንድ ማታ ተረኛ የነበረች ወጣት ሐኪም ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ቱቦውን አየች። መቼ ነው የገባው አለችኝ። እኔም አላውቅም፣ ካርዱም ላይ አልተጻፈም። እናቴ ናት በጣቷ ቆጥራ የነገረቻት። አርባ ሰባት ቀን። ሐኪሟ ወዲያው አስወጣችው። ጫፉ ላይ ግራጫ ዝልግልግ ነገር ተጋግሮበት ነበር። አዲስ ተተካለት፣ ከአዲሱ ቱቦ ሽንት ተወስዶ ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ ለሚለየው ምርመራ ተላከ፣ ውጤቱ ሲመጣ በዚያ መሠረት መድኃኒት ተሰጠው። ትኩሳቱ ወረደ፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

ሦስት ዙር መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨርሰናል። ባለሥልጣኑ እንደሚሉት ጎበዝ ሕመምተኞች ነበርን። መድኃኒቱ በመጣ ቁጥር ላይ ላዩን ያሉትን ሲገድል፣ ከሽፋኑ ሥር ያሉት አድፍጠው ሲጠብቁ ከረሙ። እነዚያ ደግሞ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። ጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘረመል ይሰጣጣሉ። አንቲባዮቲክ እየመጣ በሄደ ቁጥር ጠንካራው እየተመረጠ ይቀራል። መላመዱ እንዲህ ነው የሚመጣው። አባቴ ጎን ወደ ተኛው ሰው በአንድ ያልታጠበ እጅ ይሻገራል። ያንን እጅ ማን ነው የሚጠይቀው?

የሽንት ቱቦ በገባ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ወር ሲሞላው የማይገኝበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህን ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ቱቦው ዛሬ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ነው። አስታማሚ ሆናችሁ በየዎርዱ ያደራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቱቦ ይገባል። ከዚያ የማንም አይደለም። የጠዋቱ ዙር ሐኪም መድኃኒቱን ያያል፣ ካርዱን ያያል፣ ያልፋል።

ቱቦ ማውጣትና እጅ መታጠብ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የተሠራውን ይስማ። ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን ይዞ ሥራ ጀመረ። አዲስ መድኃኒት አላመጡም። የደም ሥር ቱቦ ሲገባ እጅ ይታጠባል፣ ሕመምተኛው በንጹሕ ጨርቅ በሙሉ ይሸፈናል፣ ቆዳው ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ይጸዳል፣ ቱቦው በጭን በኩል ባይገባ ይመረጣል፣ ሳያስፈልግ የቀረ ቱቦ ይወጣል። አምስት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት በ18 ወር ውስጥ ከቱቦው የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀነሰ። የሚሺጋን ሕዝብ በድንገት ክኒኑን መጨረስ ስለጀመረ አይደለም።

ሀብታም አገር ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። ሀብታምም ሆኖ ከዘነጋ ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች አራት ሕፃናት ሱዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ሞቱ። ሲመረመር ጀርሙ የመታጠቢያ ቧንቧዎቹ ውስጥ ተገኘ። ቧንቧዎቹ ተነቅለው ተቀየሩ። የውጭ ምርመራ ቡድን ተቋቋመ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ወጣ። ወላጆችን የወቀሰ ሰው አልነበረም። እኛ አገር እንዲህ ቢሆን ቧንቧውን የሚመረምር ማን ነው? ብዙ ቦታ እኮ ቧንቧው ውሃም የለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉ የጤና ተቋማት በሕክምና ቦታውም በመጸዳጃ ቤቱም የእጅ መታጠቢያ የተሟላላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። አንድ ዎርድ ኮሪደር ላይ "መድኃኒትዎን ጀምረው ይጨርሱ" የሚል ፖስተር አይቻለሁ። የተለጠፈው ከደረቀ የእጅ መታጠቢያ በላይ ነበር። አስታማሚው በሃይላንድ ያመጣትን ውሃ ቆጥቦ ይታጠባል።

ያለ ማዘዣ መድኃኒት የሚሸጡ ፋርማሲዎችስ ትሉኝ ይሆናል። አሉ። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚሸጥ ፋርማሲ መጠየቅ አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሐኪምስ በምን እያዘዘ ነው? ካልቸር የሚሠራ ላብራቶሪ በሌለበት፣ ቢኖርም ውጤቱ ሰውየው ከሞተ ወይም ከዳነ በኋላ በሚመጣበት ቦታ በግምት ነው የሚያዘው። ግምቱ ደግሞ ሁልጊዜ ሴፍትሪያክሶን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪያክሶንን ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መድኃኒቶች ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው። እኛ ዘንድ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ሐኪሙን አልወቅስም፤ እጁ ላይ ያለው እሱ ነው። ሐኪሙን የማልወቅስ ከሆነ ግን ከኮልፌ ወይም ከደብረ ታቦር መጥታ ሦስተኛውን ቀን መርፌ መግዣ ያጣችውን እናት እንዴት አድርጌ ልውቀስ?

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት ሞቷል ተብሎ ተገምቷል። ከእነሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ስንደምር 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት አገሮች በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው ይህን ሞት በ2030 በ10 በመቶ እንቀንሳለን ብለው ቃል ገብተዋል። በዚያው ሰነድ ላይ የጤና ተቋማት ሁሉ ውሃና ንጽሕና እንዲሟላላቸው የሚል ግብ አለ። ባለሥልጣኑ ሬዲዮ ላይ ይህን ሊነግሩን ይችሉ ነበር።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የአንቲባዮቲክ ሳምንት እየተባለ ቲሸርት ይለበሳል፣ በራሪ ወረቀት ይታደላል። ዘንድሮ የቲሸርቱ ገንዘብ ለሳሙናና ለአልኮል ይዋል። በየዎርዱ ጠዋት ዙር ሲደረግ ከእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ይህ ቱቦ ዛሬ ለምን እዚህ አለ ተብሎ ይጠየቅ። መልስ ካልተገኘ ይውጣ። ሲስተሮች የሐኪም ፊርማ ሳይጠብቁ ማውጣት የሚችሉበት መመሪያ ይሰጣቸው፤ ሌላ አገር ይህን ያደርጉታል። ባለሥልጣኑም በሚቀጥለው ጊዜ ማይክ ሲይዙ አንድ ቁጥር ይዘው ይምጡ። በሚያስተዳድሯቸው ሆስፒታሎች ዛሬ ስንት ሰው ቱቦ እንዳለው፣ የገባበት ቀን የተጻፈለትም ስንቱ እንደሆነ ይንገሩን። ለዚህ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና አንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው። አባቴ ቱቦ ላይ ያቺ ቁራጭ ተለጥፋ ቢሆን እናቴ አርባ ሰባት ቀን በጣቷ ባልቆጠረች።