ካልቪናውያን በድራም ሲጣሉ

በ2013 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በተካሄደ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ስድስት ሰዎች መድረክ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጥያቄ ቀረበላቸው፦ የተሐድሶውን ትምህርት (በ16ኛው መቶ ዘመን ጄኔቫ ላይ ያስተማረውን የካልቪንን፣ ማለትም የካልቪናውያንን ትምህርት) በራፕ ስለሚያቀርቡ ወጣቶች ምን ትላላችሁ? ተራ በተራ ተናገሩ፤ መልሱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። አይሆንም። አንደኛው እንዲያውም ራፐሮቹን «የማይታዘዙ ፈሪዎች» እስከማለት ደረሰ። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ተሰራጨ፣ ጉድ ተባለ፣ ተናጋሪውም ብዙ ሳይቆይ ይቅርታ ጠየቀ።

የሚገርመው ራፐሮቹ በትምህርት የላሉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። የፊላደልፊያው ሻይ ሊን በ2008 ባወጣው አልበም፣ ክርስቶስ የሞተው ለተመረጡት ብቻ ነው ለሚለው ትምህርት ነጥብ በነጥብ ይሟገታል። ከካልቪናውያን ትምህርቶች ሁሉ አከራካሪው ይኼ ነው። ብዙ ፓስተር ምስባክ ላይ ሊያነሳው ይፈራል። ታዲያ ፈሪው ማን ነው? ጠቡ ስለ ትምህርት አልነበረም ማለት ነው። ስለ ምቱ ነው፣ ስለ አለባበሱ ነው፣ ምናልባትም ራፕ ስለተወለደበት ሰፈር ነው። የመጨረሻውን ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ጉባኤ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በለንደን የሜትሮፖሊታን ታበርናክል ፓስተር የሆኑት ፒተር ማስተርስ ተመሳሳይ ክስ ጽፈው ነበር። ጊዜው «አዲሱ ካልቪኒዝም» የገነነበት ነው። ታይም መጽሔት ሳይቀር በ2009 ዓለምን እየለወጡ ካሉ አሥር ሐሳቦች ተርታ አሰልፎት ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት ለመስማት አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ከስብከቱ በፊትና በኋላ ደግሞ ጊታሩ፣ ድራሙ፣ መብራቱ አለ። ማስተርስ ይህን አይተው ተቆጡ። ባጭሩ፣ እነዚህ ልጆች የፒዩሪታኖችን (የጥንቶቹን ጥብቅ የእንግሊዝ ካልቪናውያን) ትምህርት ወስደው የፒዩሪታኖችን ኑሮ ትተውታል አሉ።

ክሱ ባዶ አይደለም። ሙዚቃ ዝም ብሎ ዕቃ ነው፣ የፈለግነውን ብንጭንበት ይሸከማል የሚሉ ሰዎች ካልቪንን አላነበቡትም። እሱ በ1543 ለመዝሙሩ መጽሐፍ በጻፈው መቅድም ላይ፣ የሰውን ልብ ወዲህም ወዲያም የማዞር ኃይል ያለው ነገር ከሙዚቃ በላይ ብዙም የለም ይላል። ለዚህም ነው በቤተ ክርስቲያን የሚዘመረው ክብደትና ግርማ ይኑረው ያለው። ማስተርስ በዚህ ላይ ከካልቪን ጋር ናቸው።

ችግሩ መስመሩን የት እናስምር ሲባል ይመጣል። በዚያው በማስተርስ ቤተ ክርስቲያን በ19ኛው መቶ ዘመን ያገለግል የነበረው ቻርልስ ስፐርጀን ኦርጋን አያስገባም ነበር። ሕዝቡ በአንድ መሪ ድምፅ እየተመራ ይዘምራል፣ አለቀ። ዛሬ እዚያ ኦርጋን ይሰማል። ለስፐርጀን ዓለማዊ የሆነው ለማስተርስ ጨዋ ሆነ ማለት ነው። የነገ ልጆች ደግሞ ስለ ጊታር እንዲህ አይሉም ያለው ማን ነው?

ካልቪናውያን ለዚህ ሁሉ አንድ መለኪያ አለን ይላሉ። እግዚአብሔር በቃሉ ያላዘዘው ነገር በአምልኮ ውስጥ አይግባ። በ1640ዎቹ የተጻፈው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም ይህንኑ ያጸናል። ግን መለኪያው አንድ ሆኖ ውጤቱ ይለያያል። አንዱ መዝሙረ ዳዊትን ብቻ፣ ያለ መሣሪያ ይዘምራል። ሌላው ኦርጋን ይጨምራል። ሦስተኛው መዝሙር 150ን ገልጦ ከበሮውን ያሳይሃል። የመጀመሪያው ደግሞ ያ ከመሥዋዕቱ ጋር የቀረ የመቅደስ ሥርዓት ነው ብሎ ይመልሳል፤ ካልቪንም የሚለው ይህንኑ ነው። ዙሪክ ውስጥ የተሐድሶው መሪ ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ ዝማሬን ከነአካቴው ከአምልኮ አስወጣ። እዚያ ዝማሬ የተመለሰው በ1598 ነው።

እኔ ግን ክርክሩ መሣሪያው ላይ በመቆሙ ዋናው ነገር ያመለጠን ይመስለኛል። ጄኔቫን እንይ። ከተሐድሶው በፊት ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፣ የሠለጠኑ መዘምራን በላቲን ይዘምራሉ። ካልቪን ይህን ገለበጠው። መዝሙረ ዳዊት በፈረንሳይኛ ግጥም ሆነ፣ ክሌመንት ማሮ ጀመረው፣ ቴዎዶር ቤዛ ጨረሰው። 150ውም በ1562 ተጠናቀቀ። ዜማው በአንድ ድምፅ የሚዘመር፣ ለአፍ የሚቀል ነው። በ1537 የቀረበው ዕቅድ ደግሞ ደስ ይላል፦ መጀመሪያ ሕፃናት ይማሩ፣ ጉባኤ መሐል ጮክ ብለው ይዘምሩ፣ ትልቁ ሰው ከእነሱ እየሰማ ይልመድ። ዘማሪው ሕዝቡ ነው።

ሕዝቡ የለመደውን ዜማ መንካት ደግሞ ቀልድ አልነበረም። በ1551 የዜማ ሰው የነበረው ሉዊ ቡርዧ የታወቁ ዜማዎችን ያለ ፈቃድ ቀየርክ ተብሎ ታሰረ። ካልቪን ጣልቃ ገብቶ ነው ያስፈታው። «አዲስ መዝሙር አበዙብን» የሚለው እሮሮ እንግዲህ የኪቦርድ ዘመን ፈጠራ አይደለም።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ዘመኑ አዳራሽ እንግባ። ሕዝቡ ጨለማ ውስጥ ነው፣ መብራቱ መድረኩ ላይ ነው። ኪዩ (የዜማው ከፍታ) የተመረጠው ለዘማሪው ጉሮሮ ነው፤ እታች ያለው አባወራ ወይ ይጮኻል ወይ ያንጎራጉራል። ስፒከሩ ደረት ይመታል። አጠገብህ ያለው ሰው ይዘምር ዝም ይበል አታውቅም። አንተም አፍህን ብትዘጋ ማንም ልብ አይልህም። ይህ ከላቲኑ ዘመን በምን ተሻለ? ማስተርስ ድራሙን ከሰሱ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ ሚክሰሩን እከስ ነበር። ኦርጋንም ቢሆን ሕዝቡን ከዋጠው ያው ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ጠብ ብቻ አይደለም። በ1919 ወለጋ ውስጥ ወዳለችው ሰዮ የመጡት ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የተላኩት ከአሜሪካ ዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ያቺ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1925 ድረስ በአምልኮዋ ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ አትዘምርም ነበር። በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሥሯ እዚያ ነው። በአገራችን ስለ ዘማሪና ስለ ስፒከር ስንከራከር ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሰው አይገጥመኝም።

ስኮትላንድ ውስጥ ፍሪ ቸርች የሚባለው የካልቪናውያን ቤተ ክርስቲያን በ2010 ብዙ ተጨቃጭቆ ሌሎች መዝሙሮችንና መሣሪያን ፈቀደ። ግን በእያንዳንዱ አምልኮ መዝሙረ ዳዊት ይዘመር አለ፤ በቀድሞው መንገድ መቀጠል የሚፈልግ አጥቢያም አልተገደደም። ቅር ብሏቸው የወጡ አሉ። እኔ ብጠየቅ በውሳኔው ላይ አንዲት መስመር አስጨምር ነበር፦ በየአምልኮው ቢያንስ አንዱ መዝሙር መሣሪያውም ማይኩም ጠፍቶ ይዘመር።