አብሮ መሮጥ ስለሚሰጠው ጥቅም

ስለ ሩጫ ጥቅም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ይህን አስተያየት ልሰጥ ወደድኩ። ጸሐፊው ሩጫ ለልብና ለአእምሮ ጤና የሚሰጠውን ጥቅም በሚገባ ዘርዝረዋል፤ ሆኖም አብሮ ከሚሮጠው ሰው የሚገኘውን ብርታት ቢያክሉበት ጽሑፉ የበለጠ ይሟላ ነበር። ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ የሚሮጡትን ያየ ሰው ይህን ይረዳል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ውለው አድረው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ ሲቀር «ምነው ጠፋህ?» የሚለው አያጣም። በጭንቀት ወይም በድብርት ምክንያት ከቤት መውጣት ለከበደው ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም።

በኃይሌ ገብረሥላሴ አነሳሽነት በ1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ድምቀቱን የሚያገኘው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ግማሹን በእርምጃ ግማሹን በጭፈራ 10 ኪሎ ሜትሩን ከሚጨርሱ የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ነው። ሴቶች ብቻ የሚሳተፉበት የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ደግሞ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ብቻዋን ጎዳና ላይ መሮጥ ለሚያሳስባት እህት ትልቅ ድፍረት ይሰጣል።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ስለዚህ ከጓደኛ ጋር እየተጨዋወቱ ለመሮጥ የሚያስችል ፍጥነት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ለ5 ቀናት ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ግን መድኃኒቱን በሩጫ ሊተካ አይገባውም፤ ሐኪሙን አማክሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።